ለአባባ ቦልቴ መሮጫ ማሽን ሲመረጥ

ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበርከው አጎቴ ጦና ቦልቴ፣ ናይሮቢ

ካለህበት አገር የጌታ ሰላም ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ «ደህና» የሚለውን ግን ወደ ታች ወርጄ አስተካክለዋለሁ።

አጎቴ፣ ከሁሉ በፊት የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ። እኔ የእህትህ የማክዳ ልጅ ናዝራዊት፣ ሙሉ ጤና እያለኝ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የአባባን ሰላምታ ቆርጬአለሁ። በዚሁ ፖስታ ውስጥ ባለው የእሳቸው ደብዳቤ «ሁሉም ሰላም ብለውሃል» የሚል አንድ መስመር ታገኛለህ። እሳቸው ያጻፉኝ ግን አንድ መስመር አልነበረም። ከዲምቱ ዘመዶች ጀመሩ፤ በበዴሳ በኩል አለፉ፤ በሕይወት ያሉ እየመሰላቸው የሞቱትንም ሰላም አስባሉህ። እጄ ሲዝል «ሁሉም» አልኩና ገላገልኳቸው። አንተም ይቅር በለኝ፤ የሞቱትም ይቅር ይበሉኝ።

ይህ ወረቀት ከደብዳቤያቸው ጋር መታጠፉን አያውቁም። የእሳቸው ደብዳቤ «ጤናዬ ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እውነት የሆነው ሁለተኛው ግማሽ ብቻ ነው።

ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሕዝቡን ሊባርኩ እጃቸውን አንስተው ሳለ ወደቁ። እጃቸው እንደተነሳ ነው የወደቁት። ሐኪሙ ለእማዬ የነገራት እንዲህ ነው፦ ልባቸው ደክሟል፤ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ በየቀኑ፣ ፈጠን እያሉ፣ መሀል ላይ ሳይቆሙ መሄድ አለባቸው። «ቁጭ ብለው ከቀሩ ሁለተኛው መውደቅ መነሻ የለውም» አላት። አባባ ይህን ላንተ እንዳንጽፍ ከልክለዋል። «ልጁ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቱ ላይ ነው፤ ሐሳቡ አይከፋፈል» ብለዋል።

«ታዲያ ለምን አይሄዱም? ሶዶ መንገድ አጣች?» ትለኝ ይሆናል። መንገድስ ሞልቷል። ያስቸገረው ሰው ነው። የከተማውን ግማሽ አስተምረዋል፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ የእሳቸው ተማሪዎች አስተምረውታል። ከአጥራችን ወጥተን ገና ላብ ሳይጀምረን አንዱ ይመጣል።

«ሳሮ፣ መምህር! እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤተሰብ? ልጆች? ከብቶቹስ?»

«ከብት የለኝም፣ ልጄ።»

«ይሁን፣ ግን ደህና ናቸው?»

ኮፍያ ይወልቃል፣ እጅ በሁለት እጅ ይያዛል፣ ስለ አንተ ይጠየቃል፤ ይኼኛው ሳይለቃቸው ሌላው ተራ ይይዛል። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ረፍዷል፤ የአባባ እግር ሳይሆን እጃቸው ነው የደከመው። «እጅዎን እያወዛወዙ ብቻ ይለፏቸው» አልኳቸው። ቆመው አዩኝ። «ሰው ዝንብ ነው እንዴ በእጅ የሚባረር?» አሉ። ሳይነጋ ለመውጣትም ሞከርን። ሳይነጋ መንገድ ላይ ያለው ደግሞ ለጸሎት የሚሄድ ሰው ነው፤ እሱ ሰላም ብሎ አይበቃውም፤ ቆሞ ይጸልይልሃል።

እማዬ ከመሥሪያ ቤት ባመጣችው መጽሔት ላይ አንዲት ሴትዮ ሳሎኗ ውስጥ ማሽን ላይ ወጥታ፣ ግድግዳ እያየች ስትሄድ አየሁ። አጎቴ፣ ግድግዳ ሰላም አይልም። ከብቶቹስ ብሎም አይጠይቅም። ናይሮቢ ትልቅ ከተማ ነው፤ ይህ ማሽን እዚያ አይጠፋም።

አባባ በደብዳቤያቸው የጠየቁህ ጫማ ነው። ጫማ አትላክ። መንገድ ላክ።

የእህትህ ልጅ ናዝራዊት


ናይሮቢ፣ ኅዳር 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ናዝራዊት

ከክፉ ነገር የሚጠብቅ አምላክ መግቢያና መውጫችሁን ይጠብቅ። እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት።

በመጀመሪያ ልቆጣሽ። የሰው ሰላምታ አይቆረጥም። እዚህ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው የለም፤ እናንተ ዘንድ የሚሰለቸው ዝርዝር እኔ ዘንድ ምሳ ነው። የሞቱትም ሰላምታ ይደርሰኝ ነበር። ሁለተኛ፣ አመሰግንሻለሁ። አባባ ሰው ፊት ወድቀው እኔ ሳላውቅ ብቀር ኖሮ ራሴን ይቅር አልልም ነበር። የእሳቸውን ደብዳቤ የምመልሰው እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ነው። ማሽኑን በራሴ ሐሳብ እንደመጣ አድርጌ አነሳባቸዋለሁ። አንቺም አፍሽን ያዢ፤ ከባድ እንደሚሆንብሽ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ። መሮጫ ማሽን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሞተር የለውም፤ ሰውየው በእግሩ እየገፋ የሚረግጠውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ያሽከረክረዋል። መብራት አይፈልግም፤ ይህ ለሶዶ ጥሩ ይመስላል። ግን ሲነሳ ከባድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ተራራ እንደመግፋት ነው። ደህና ልብ ያለውን ያጠነክራል፤ የደከመ ልብ ያለውን አላውቅም። ሁለተኛው ሞተር አለው። ከኤሊ ፍጥነት ይጀምራል፤ እሳቸው ሲፈልጉ ይጨምራል። የዚህ ችግር መብራት ነው። ሰውየው እየሄደ መብራት ቢቋረጥ፣ ቺንጋው ቀጥ ሲል ሰውየው ወደ ፊት ይሄዳል።

ስለዚህ እነዚህን ጠይቀሽ ጻፊልኝ፦ ሐኪሙ የትኛውን ይመርጣል? መብራት በሳምንት ምን ያህል ይጠፋል? ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ አሁንም አፈር? አባባ ላዩ ላይ ሲወጡ ጣሪያው ይነካቸዋል? እርምጃቸው ምን ያህል ይረዝማል? ቺንጋው ካጠረ ተረከዛቸው ከኋላ ያለው ብረት ላይ ያርፋል። ክብደታቸውስ? በላብ የሚዝጉት የታችኞቹ ቡሎኖች ናቸው፤ ከላይ አይታዩም፤ እነሱን እኔ አያቸዋለሁ።

እነዚህን ማሽኖች እንዴት እንዳወቅኳቸው አሁን አስፈላጊ አይደለም።

አጎትሽ ጦና


ወላይታ ሶዶ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበርከው አጎቴ

የጌታ ጸጋ፣ የእማዬ ናፍቆት፣ የአባባ ምርቃት ይድረስህ። ከዲምቱ እነ ሶርሳ፣ ከበዴሳ እነ ሳህሊቱ ከነልጆቻቸው፣ ከሃላሌ ስሟን የማላውቃት ግን የአባባ የአክስት ልጅ የምትሆን ሴትዮ ሰላም ብለውሃል። እንግዲህ በላህ? ጠገብክ?

መልሱ ይኸው። ሐኪሙ ሞተር ያለውን ነው የሚመርጠው። «ቀስ ብሎ የሚጀምር ይሁን፤ ልባቸው አይደንግጥ» አለ። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኗል። መብራቱን በተመለከተ፣ ዞን ሆነናል፤ መብራታችን ግን ገና ወረዳ ነው። ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ሰላም እንኳ አይልም።

አባባ ነገሩን ለብቻቸው አልወሰኑም። ልብስ ሰፊውን ጓደኛቸውን ጋሼ ጩማን አስጠሩ። ሁለቱ እንደ ዳኛ ተቀመጡ።

«ላዩ ላይ ትወጣለህ?» አሉ ጋሼ ጩማ።

«እወጣለሁ።»

«ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ከዚያ የት ትደርሳለህ?»

«እዚያው።»

ጋሼ ጩማ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ቦልቴ፣ ይህማ ለግብሬ ጉዳይ የተመላለስኩበት ቢሮ ነው። እዚያም ቀኑን ሙሉ ሄጄ የደረስኩት እዚያው ነው።»

አባባ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፤ ሳሉ ወንበሩን እስኪጨብጡ አደረሳቸው። ሲያበቃ ማንም አልሳቀም። «ሩጫዬን ልጨርስ የተቃረብኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ጀምር ትሉኛላችሁ?» አሉ። ጋሼ ጩማ መለኪያቸውን ከአንገታቸው አውጥተው «አንተ ልጅ፣ ጫፉን ያዝ» አሉኝ። በጋሼ ጩማ አማርኛ ሁላችንም ወንዶች ነን።

ጣሪያው አይነካቸውም፤ ያውም ከነኮፍያቸው። ኮፍያውን ያወልቃሉ ብለህ ተስፋ አታድርግ። እርምጃቸውን ለመለካት እግራቸውን በውሃ አርሰን ሲሚንቶው ላይ አስሄድናቸው። ልኩን ጋሼ ጩማ በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኛል፤ አያይዤዋለሁ። አጎቴ፣ ከእኔ እርምጃ ያጥራል። ትንሽ ሳለሁ ገበያ ስንሄድ በእሳቸው አንድ እርምጃ እኔ ሁለቴ እረግጥ ነበር፤ ሮጬ ነበር የምደርስባቸው። እርጥቡ እግር ሲሚንቶው ላይ እስኪደርቅ ቆሜ አየሁት።

አሁን ጫማውን ትተዋል። የጠየቁህ መነጽር ነው፤ «ካልሄድኩ እንኳ ላንብብ» ብለው። በደብዳቤያቸው ውስጥ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር። ከላይ የማይታዩ ቡሎኖች በላብ እንደሚዝጉ የሚያስተምሩት በነገረ መለኮት ኮሌጅ ስንተኛው ዓመት ላይ ነው? ለአባባ በጻፍከው ደብዳቤም «በምሠራበት» ብለህ ጀምረህ ሰርዘህ «በምማርበት» ብለሃል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው ያነበብኩት። ለአባባ ሳነብላቸው የተሰረዘ አይነበብም ብዬ አለፍኩት።

ናዝራዊት


ናይሮቢ፣ የካቲት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለናዝራዊት

የእግዚአብሔር ምሕረት ከሁላችሁ ጋር ይሁን። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። መነጽሩን ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ልኬአለሁ።

የምመርጠው ከሦስት ማሽን ነው። አንዱ ይታጠፋል፤ ቦታ አይዝም፤ ግን ሲታጠፍ የላላው ነገር ሲዘረጋም ይላላል። አንዱ ሰፊ ነው፤ መደገፊያው ግን አጭር ነው፤ የሚደገፉት ብረት ከጎናቸው ካልኖረ አይሆንም። ሦስተኛው አሮጌ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ጩኸቱ ያስጠላል። ጩኸቱ ከቺንጋው ይሁን ከሞተሩ ለማወቅ መፍታት አለብኝ። መብራቱን ስለሚያረጋጋው ስታቢላይዘርም እየጠየቅኩ ነው። ነገሩ ችኮላ አይፈልግም። እስከ ፋሲካ እወስናለሁ።

ለጥያቄሽ፦ ነገር ሁሉ ጊዜ አለው።

አባባ ስለ እኔ ምን ይላሉ? ሰው ሲጠይቃቸው ማለቴ ነው። «ጦና ምን ደረሰ?» ሲሏቸው ምን ብለው ይመልሳሉ?

አጎትሽ


ወላይታ ሶዶ፣ የካቲት 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

አጎቴ ጦና

በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ የለም። ቆርጬው አይደለም፤ አባባም ምንም ሰላምታ አላጻፉኝም። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ከቤት መውጣት ትተዋል። ከአልጋቸው እስከ በረንዳው ይሄዳሉ፤ እዚያም ይቀመጣሉ። ወደ ጓሮ ሲሄዱ መሀል ላይ ቆመው የቡናውን ዛፍ የሚያዩ ይመስላሉ። ዛፉን አይደለም የሚያዩት፤ ትንፋሽ እየፈለጉ ነው። እኔም አብሬ ዛፉን አያለሁ። «ዘንድሮ ጥሩ ይዟል» እላለሁ። ምንም አልያዘም።

ትናንት ወረቀት አምጪ አሉኝ። መነጽሩ ደርሷል፤ ተመስጋኝ ነህ። አሁን የሚፈልጉት ጥቁር ሱፍ ነው። «ሙሉ ልብስ፣ ከነሸሚዙ፤ ጥሩ ጨርቅ ይሁን ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ለሰርግ ነው፣ አባባ? የማን ሰርግ?» አልኳቸው። «ልብስ ለሰርግ ብቻ ነው እንዴ የሚሰፋው?» አሉ። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጩማ መጥተው ለኩላቸው። ትከሻቸውን ሲለኩ ሁለቱም ዝም ብለው ነበር። ጋሼ ጩማ ልብስ ሲለኩ ዝም ብለው አያውቁም፤ የሰውን ሆድ እየሰደቡ ነው የሚለኩት። ሲጨርሱ መለኪያውን አንገታቸው ላይ ሳያደርጉ ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ወጡ።

ጫማ ጠይቀው ነበር፤ መሄድ ይፈልጉ ነበር። መነጽር ጠየቁ፤ መቀመጥ ይፈልጉ ነበር። ሱፉን አንተ ተረዳው።

አጎቴ፣ እኔ ልጅ ነኝ፤ ትልቅ ሰው አልመክርም። ግን ሦስቱን ማሽን እየፈታህ ስትገጥም፣ ምርጫው የረዘመብህ ማሽኑ ስለከበደ አይመስለኝም። እየመረጥክ እስካለህ ድረስ ምንም አልተፈጠረም። ይገባኛል። እኔም ለፈተና ሳላጠና ስቀር መጀመሪያ እርሳሴን ነው የምቀርጸው። እስኪያልቅ ነው የምቀርጸው።

ሰው ሲጠይቃቸው ምን እንደሚሉ ጠይቀኸኛል። «ጦና ይማራል» ይላሉ። ድሮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር። አሁን ዝቅ አድርገው ነው።

ናዝራዊት


ናይሮቢ፣ መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ናዝራዊት

ሰላም ለቤታችሁ።

ሱፉን አልገዛሁም። አልገዛምም። ለጋሼ ጩማ እንዲህ በያቸው።

ማሽኑ ተመርጧል፤ አሮጌው ነው። ሦስቱንም ላያቸው ላይ ወጥቼ፣ እየሄድኩ ሳለ ጓደኛዬ ሶኬቱን ከግድግዳ እየነቀለ ሞከርኳቸው። የሚታጠፈው ጣለኝ፤ ግንባሬ ትንሽ ተላጠ። ሰፊው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሆዴ ከመደገፊያው ተላተመ። አሮጌው ግን ሞተሩ ላይ ከባድ የብረት ክብ አለው። መብራት ሲቋረጥ ያ ብረት በራሱ ጉልበት ይዞራል፤ ቺንጋው እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚቆመው። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ አልጣለኝም። ጩኸቱን አስተካክያለሁ። ለሶዶ መብራት የተሠራ ነው።

በእንጨት ሣጥን አሽገን በሞያሌ በኩል በሚመጣ አይሱዙ ጭነነዋል። ሾፌሩ ታማኝ ነው። ከማሽኑ ጎን ያለው ቀይ ገመድ ቆንጣጭ አለው፤ እሱን ልብሳቸው ላይ አያይዢ፤ ቢንሸራተቱ ገመዱ ተነቅሎ ማሽኑ ይቆማል። አንድ ሰው ሁልጊዜ አጠገባቸው ይሁን። ያ ሰው አንቺ ነሽ።

የጻፍሽልኝን ሁሉ አንብቤአለሁ። ስለ እርሳሱ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት።

ጦና


ወላይታ ሶዶ፣ ግንቦት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበርከውና ለተናፈቅከው አጎቴ ጦና

እጅህን ይባርከው። ግንባርህንም ይባርከው።

ማሽኑ ደርሷል። እንዴት እንደደረሰ ግን ከሌላ ሰው ከመስማትህ በፊት ከእኔ ስማ።

ታማኙ ሾፌርህ ከሰዓት በኋላ ሶዶ ገባ፤ ቤታችንን አያውቀውም። መንገዱ ጥግ ላይ መኪናውን አቁሞ ጎረቤታችንን እትዬ ፈጠነችን ጠየቃቸው። የጠየቀው በዚህ ቃል ነው፦ «የመምህር ቦልቴ ቤት የት ነው? ሣጥን ይዤ መጥቼ ነው።»

እትዬ ፈጠነች አባባ ሲወድቁ ያዩ ናቸው፤ በረንዳ ላይ ሲያልቁም አይተዋል። ቀና ብለው አይሱዙው ላይ ያለውን አዩ፤ የሰው ቁመት ያለው የእንጨት ሣጥን። ሐኪም ቤት ሞተው አስከሬናቸው መጣ ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይጠየቃል? ቤቱን በእጃቸው አሳዩት፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እንደ ስማቸው ፈጠኑ።

እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስመለስ ከሩቅ የእድሩን ድንኳን በራችን ላይ አየሁ። አጎቴ፣ እዚህ ላይ አልቀልድም። ደብተሬ ከእጄ እንደወደቀ ያወቅኩት በማግስቱ ሰው ሲያመጣልኝ ነው። ሣጥኑ ግቢ መሀል ነበር፤ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠው በወላይትኛ ሙሾ ያወርዳሉ። ጋሼ ጩማ ግንባራቸውን ክዳኑ ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እማዬ ከሥራ አልተመለሰችም። የሚነግረኝ ሰው አልፈለግኩም፤ አምኜ ነበር። ለካ ከጥቅምት ጀምሮ ማመን ስለማመድ ነው የኖርኩት።

የቤቱ በር ተከፈተ። አባባ ከቀን እንቅልፋቸው ተነስተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

«ማነው የሞተው?» አሉ።

ልቅሶው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ጋሼ ጩማ ቀና አሉ፤ እንባቸው አገጫቸው ላይ ነው።

«አንተ ነሃ!» አሉ።

እትዬ ፈጠነች እዚያው ተዘረሩ። አንተ ብትሆን ትስቅ ነበር። እዚያ ግን የሳቀ የለም። አባባ ከደረጃው ላይ ሆነው የሁሉንም ፊት በየተራ አዩ። ከዚያ ወረዱ። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለላቸው። እጅ የዘረጋ የለም፤ «እንዴት ዋሉ» ያለም የለም። አሁን ያለቀሱለትን ሰው ማን ሰላም ይላል? በበሩ ወጡ፤ መንገዱን ያዙ። እኔ ከኋላ ተከተልኳቸው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ነበር፤ ያየን ሁሉ ወደ አጥሩ ይጠጋል። መናኸሪያውን አለፍን፤ ወደ ዳሞታ በሚወስደው አቀበት ጥቂት ወጣን፤ ዞረን ተመለስን። ሳይቆሙ። ቀስ እያሉ፣ ግን ሳይቆሙ። የሐኪሙን ትዕዛዝ የፈጸሙት የሞቱ ዕለት ነው።

በራችን ጋ ሲደርሱ አጥሩን ያዙና ትንፋሻቸውን ጠበቁ።

«ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ እንኳ ‹ምን ሆኖ ሞተ?› ብሎ የጠየቀ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም፣ አባባ።»

«ጩማንም በጎኑ ሳልፍ ጠየቅኩት። እሱም አልሰማም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው እኮ እሱ ነው።» ድንኳኑን አዩ። «ሁሉም ያውቁ ነበር። እየጠበቁኝ ነበር።» ከዚያ ገቡና ለጋሼ ጩማ «ሣጥኑን ክፈተው» አሉ።

ለልቅሶ የተሰበሰበው ሰው ነው ማሽኑን የገጠመው። ድንኳኑ እስኪፈርስ የመጣው ንፍሮም ተበላ፤ የሟቹ ድርሻ ከሁሉም በለጠ።

አንድ ነገር ግን አለ። ማሽኑ ሳይቆም፣ ገና በጎኑ ተኝቶ ሳለ፣ አባባ ያንተን መነጽር አደረጉና ከሥሩ አዩት። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ነኩ። አዲስ የተቀባ ግራሶ፤ የተቆረጠው ሽቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በክር ታስሮ። ረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን የፈታና የገጠመ እጅ» አሉ «መጽሐፍ ሲገልጥ የሚውል እጅ አይደለም።» እኔ ወዲያው ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። «አልጠየቅኩሽም» አሉኝ። ጣታቸው ላይ የቀረውን ግራሶ አሸት አሸት አደረጉት፤ አልጠረጉትም። «ጥሩ እጅ ነው» አሉ።

አሁን በየማለዳው ይሄዳሉ። ከነኮፍያቸው። ክራባትም ያስራሉ፤ «መንገድ ነው ብላችሁ የለ?» ይላሉ። ቀይ ገመዱ ክራባቱ ላይ ነው የሚያያዘው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መደገፊያውን አልለቀቁም፤ እኔም ክርናቸውን አልለቀቅኩም። ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶባቸዋል፤ ያልከው ብረት በጉልበቱ ዞሮ ቀስ ብሎ አቁሟቸዋል። ሰውም እየመጣ ነው፤ የሞተ ተነሳ ሲባል የማያይ ማን አለ? ግን ስማ ምን እንደሆነ። ጠያቂው ይቀመጣል፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት ይጠይቃል፤ አባባ እየሄዱ ይመልሳሉ፤ ጠያቂውም ጥሎኝ ሄደ ብሎ ቅር አይለውም፤ አባባ የትም አልሄዱማ! ጋሼ ጩማ ወንበር ስበው ፊታቸው ይቀመጣሉ። «ቦልቴ፣ የት ደረስክ?» ይላሉ። «ሃላሌን አለፍኩ» ይላሉ አባባ። ጥቁሩን ሱፍ ያነሳ የለም።

ሐኪሙ ትናንት አያቸው። ደረታቸውን ቆይቶ አዳመጠና «ይቀጥሉ» አለ። እማዬ ሌላ እንዲል ብዙ ጠበቀች።

ትናንት ማታ ደግሞ ደብዳቤ ላንተ አጻፉኝ፤ ከዚህ ጋር ይደርስሃል። እንደተለመደው «ትምህርትህ እንዴት ነው?» ብለው ጀመሩ። ጻፍኩ። ከዚያ «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። «እሱን ሰርዢው» አሉ። «ምን ልበል?» አልኳቸው። «ሥራህ እንዴት ነው፣ በይ።» ፊታቸውን አላየሁም፤ ወረቀቱን ነበር የማየው። አጎቴ፣ የሰረዝኩትን በደንብ አድርጌ ነው የሰረዝኩት፤ ወደ መስኮት ብታዞረውም አይነበብም። እኔ አልነገርኳቸውም፤ በእማዬ ስም እምላለሁ። ስለዚህ ስትመልስላቸው

ቆይ፤ ማሽኑ ዝም አለ። አምፖሉ እንደበራ ነው፤ ቀይ ገመዱ ተነቅሎ ይሆናል። እኔ አጠገባቸው መሆን ሲገባኝ ይህን ለመጻፍ ብዬ ጓዳ ገብቼ ነበር፤ ልነሳ፣ አጎቴ፣ ልያቸው።

«ናዝራዊት!» የአባባ ድምፅ ነው።